የእርሻ ትራክተር ለቤት መብራት ስለ መሆኑ ታሪክ

በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ገበሬዎች የመብራት መስመር በተበጠሰባቸው ጊዜ በትራክተራቸው ጕልበት ኤሌክትሪክ እያወጡ ቤታቸውንና በረታቸውን ማብራት የለመዱት እንዴት እንደ ሆነ፥ ከዚህም ልማድ የተገኘው ጥቅምና የመጣው አደጋ ምን እንደ ሆነ በዚህ ጽሕፈት ይነገራል። የዘመኑ ቍጥር በፈረንጆች አቈጣጠር ነው፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተቈጠረ በሆነ ጊዜ ግን ተለይቶ ይጠቀሳል።

ብዙ ሰው ይህን ነገር ሲሰማ የባለጠጋ ቅንጦት ይመስለዋል። አንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ሻማ ማብራት ሲቻል፥ መሬት የሚያርሰውን ትልቅ መኪና አስነሥቶ ሌሊቱን ሁሉ ናፍጣ ማቃጠል ምን ያደርጋል? ይላል። ለከተማ ሰው ይህ ጥያቄ ልክ ነው። የላም ጌታ ግን ሻማ ቢያበራ የሚያየው የላሞቹን ጭንቀት ብቻ ነው፤ ሻማ ላም አያልብም፥ ውሃም ከጕድጓድ አያወጣም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት፥ የዚያ አገር ገበሬ መስመሩ ሳይደርስለት በፊት እንዴት ይኖር እንደ ነበረ፥ ከደረሰለትም በኋላ ኑሮው ምን ያህል እንደ ተለወጠ ማየት ያስፈልጋል።

ሚካኤል ፋራዴይ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1831 ዓ.ም. ማግኔትና የመዳብ ሽቦ አንዱ በሌላው አጠገብ ሲንቀሳቀሱ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈስ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ዲናሞ ሁሉ፥ ትልቁም ትንሹም፥ ከዚህ ምሥጢር አልወጣም፤ የሚለያየው የሚያዞረው ጕልበት ብቻ ነው። አንዱን ፏፏቴ ያዞረዋል፥ አንዱን እንፋሎት፥ አንዱን ነፋስ። ዲናሞ ማን እንደሚያዞረው አይጠይቅም፤ በልክ ከዞረለት ይበቃዋል። በኋላ ትራክተር ለዚህ ሥራ የታጨው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1882 ዓ.ም. ቶማስ ኤዲሰን በኒውዮርክ ከተማ በፐርል መንገድ ላይ የመብራት ጣቢያውን ከከፈተ በኋላ ከተሞቹ አንድ በአንድ በሩ። ባላገሩ ግን ጨለማ ውስጥ ቀረ። ቤቱ ከቤት የተራራቀ ስለ ሆነ፥ ለአንድ ገበሬ ብለን ይህን ያህል ምሰሶና ሽቦ ብንዘረጋ ትርፍ አናገኝም እያሉ የመብራት ኩባንያዎቹ ተዉት። ገበሬውም በላምባ ፋኖስ ያድር ነበረ። በ1916 ዓ.ም. ለአውቶሞቢል የኤሌክትሪክ ማስነሻን የሠራው ቻርልስ ኬተሪንግ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በዴይተን ከተማ ዴልኮ ላይት የተባለውን ትንሽ የቤት መብራት መኪና አወጣ። ይህ መኪና አንድ ትንሽ ሞተርና አንድ ዲናሞ የተጋጠሙበት ሆኖ፥ በመስተዋት ዕቃ ውስጥ የተደረደሩ ባትሪዎችን በ32 ቮልት ይሞላ ነበረ። ሰፊ ሜዳ ባለበት አገር ደግሞ በነፋስ የሚዞር ዲናሞ በረጅም እንጨት ላይ ይሰቀል ጀመረ፤ በአይዋ ክፍለ ሀገር በሱ ሲቲ ከተማ ዊንቻርጀር የተባለው ኩባንያ በ1930ዎቹ ዓመታት በዚህ ሥራ የታወቀ ነበረ። ይሁን እንጂ የ32 ቮልት ኀይል አምፖልና ሬዲዮ ቢያሠራ እንጂ ትልቅ ሥራ አይችልም ነበረ።

እስከ 1935 ዓ.ም. ድረስ በአሜሪካ ካሉት እርሻዎች ከመስመር መብራት የሚያገኙት ከ10ሩ አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት ግንቦት ወር ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የገጠር መብራት መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም አዘዙ፤ በሚቀጥለው ዓመት በ1936 ዓ.ም. ሕግ ወጣለት። ገበሬዎቹ ራሳቸው በማኅበር እየተሰበሰቡ ከመንግሥት በአነስተኛ ወለድ ገንዘብ ተበድረው ምሰሶውን አስተከሉ፥ ሽቦውንም አስዘረጉ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከ10ሩ እርሻ 9ኙ መብራት አገኘ። ያን ጊዜ የነፋሱን ዲናሞ ከእንጨቱ አወረዱት፤ የባትሪውም ዕቃ በየጓሮው ተጥሎ ቀረ። ከእንግዲህ ወዲህ ከመስመሩ በቀር የሚያስፈልገን የለም አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይታወቅ ገባ። ሰው በእጁ ሲያልብ በሰዓት ከ6 እስከ 8 ላም ካለበ ጎበዝ ይባላል። ስለዚህ የዱሮው ገበሬ የላሞቹ ብዛት በቤተ ሰቡ እጅ ቍጥር የተለካ ነበረ፤ 10 ወይም 12 ላም ካለው ጧትና ማታ አልቦ ይጨርሳል። የማለቢያ መኪናው በኤሌክትሪክ መሥራት ሲጀምር ግን ላሙ ወደ 20፥ ከ20ም ወደ 40ና ወደ 50 ወጣ። አንዲት የምትታለብ ላም በቀን ከ80 እስከ 100 ሊትር ውሃ ትጠጣለች፤ ስለዚህ 50 ላም ያለው ሰው በየቀኑ ከ4,000 ሊትር የማያንስ ውሃ ከጕድጓድ ማውጣት አለበት፤ ይህንንም የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ወተቱን የሚያቀዘቅዘው ጋን፥ በረቱን የሚያናፍሰው መዘውር፥ የቤቱን ማሞቂያ የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ሁሉ ከአንድ ሽቦ ይመገባል። እንግዲህ መብራት ቢጠፋ ገበሬው ወደ ዱሮው ኑሮ የሚመለስ ይመስላል፤ ግን አይመለስም። የዱሮው ኑሮ 10 ላም ነበረ፤ አሁን ያሉት 50 ናቸው፥ እጁ ግን ያው ሁለት ነው። 50 ላም በእጅ ለማለብ አንድ ሰው 7 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ሲጨርስ የማታው ማለቢያ ሰዓት ደርሷል። ደግሞም እጁ ማለብን ረስቷል፥ ላሚቱም የሰው እጅ አታውቅም። ያልታለበች ላም ግቷ ያብጣል፥ ይቈስላል፥ ትኵሳትም ይይዛታል፤ ከበሽታው ብትድን እንኳ የቀድሞውን ያህል ወተት ላትሰጥ ትችላለች። ሥልጣኔ የሰጠውን ነገር በከፊል መልሶ መስጠት አይቻልም፤ መስመሩ የመጣ ቀን የላሙ ቍጥር ከመስመሩ ጋር ታስሯል።

ለዚህ ችግር መድኀኒት የሆነው ነገር ስለ መብራት ታስቦ የተሠራ አልነበረም። ትራክተር በእርሻ ላይ በገባ ጊዜ የእህል ማጨጃው መኪና ከኋላው እየተጐተተ፥ ቢላዋውንና መዘውሩን የሚያንቀሳቅሰው መሬት ላይ የሚንከባለለው የራሱ እግር ነበረ። መሬቱ ጭቃ የሆነ እንደ ሆነ እግሩ ይንሸራተታል፥ ቢላዋውም ይቆማል። ትራክተሩ ቆሞ እህል መውቂያ ለማዞር ሲፈለግ ደግሞ በጎኑ ባለው ከበሮ ላይ ረጅም የቆዳ ጠፍር ይጠመጠም ነበረ፤ ጠፍሩ ግን ይላላል፥ ይወልቃል፥ ትራክተሩንም በትክክል ከመውቂያው ፊት ለፊት ማቆም ራሱ ሥራ ነው። በ1918 ዓ.ም. ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የተባለው ኩባንያ 8-16 በሚባለው ትራክተሩ ላይ ከሞተሩ ኀይል የሚቀበል፥ በኋላው በኩል ብቅ ያለ ዘንግ አደረገ። ማጨጃው ከዚህ ዘንግ ጋር በካርዳን ሲጋጠም የሞተሩን ጕልበት በቀጥታ ተቀበለ፤ ጭቃውም ቢሆን አላስቆመውም። ይህ ዘንግ የኀይል ማውጫ ዘንግ ይባላል።

ኩባንያ ሁሉ በየራሱ ልክ ዘንግ ቢሠራ ኖሮ የአንዱ ትራክተር ከሌላው ማጨጃ ጋር ባልተጋጠመ ነበረ። ስለዚህ በ1920ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ የእርሻ መሐንዲሶች ማኅበር የዘንጉን ቅርጽ፥ ከፍታና ፍጥነት በአንድ ልክ ወሰነ፤ ፍጥነቱም ኋላ በደቂቃ 540 ዙር ሆኖ ጸና። በ1950ዎቹ መጨረሻ ለትልልቆቹ ትራክተሮች በደቂቃ 1,000 ዙር የሚዞር ሁለተኛ ልክ ተጨመረ። በመካከሉ በ1946 ዓ.ም. በካናዳ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ብራንትፎርድ ላይ የሚሠራው የኮክሸት ኩባንያ 30 ቍጥር በተባለው ትራክተሩ ትራክተሩ ሲቆም ዘንጉ የማይቆምበትን ብልሃት አወጣ፤ ከዚያ በፊት ነጂው ፍሪሲዮን በረገጠ ቍጥር ዘንጉም አብሮ ይቆም ነበረ። ለማጨጃ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከበረት አጠገብ ቆሞ ዲናሞ ለሚያዞር ትራክተር ግን ያን ያህል አያስፈልግም።

540 የሚለው ቍጥር በስብሰባ ላይ ሲወሰን ስለ ማጨጃ እንጂ ስለ አምፖል ያሰበ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ፍጥነቱ በየትም ቦታ፥ በማንም ትራክተር ላይ አንድ በመሆኑ፥ ዲናሞ ሠሪው ምንም ሳይጠይቅ መሥራት ቻለ። በአሜሪካና በካናዳ ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ አራት የማግኔት ዋልታ ያለው ጄኔሬተር ይህን እንዲሰጥ በደቂቃ 1,800 ዙር መዞር አለበት። 540ን ወደ 1,800 ለማድረስ ሦስት እጥፍ ከሲሶ ያህል የሚያፈጥን የማርሽ ሳጥን ይበቃል። ሳጥኑና ጄኔሬተሩ አንድ ሆነው ሁለት ጎማ ባለው ጋሪ ላይ ይቀመጣሉ፤ ገበሬው ጋሪውን ወደ በረቱ ግድግዳ ያስጠጋና ትራክተሩን በካርዳን ያጋጥመዋል። የራሱ ሞተር የለውምና ዋጋው ሞተር ካለው ጄኔሬተር ይቀንሳል፤ ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ ሲቆምም የሚዝግ ሞተር፥ የሚበላሽ ቤንዚን የለበትም። ሞተሩ በየቀኑ ሥራ ላይ ያለው ትራክተር ነው፤ በችግር ቀን አልነሣም ብሎ አያሳፍርም። ከነፋስ ዲናሞ ሠሪዎቹ አንዱ የነበረው የዊንቻርጀር ወራሽ ዊንኮ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር ሆኖ ዛሬም ይህን በትራክተር የሚዞር ጄኔሬተር ይሠራል፤ በነፋስ የጀመረ ኩባንያ በትራክተር ሰነበተ።

ልኩን ማወቅ ግን ግድ ነው። ለአንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ 2 የፈረስ ጕልበት ያህል ከዘንጉ ይፈለጋል ይላሉ፤ ስለዚህ 25 ኪሎዋት የሚያወጣ ጄኔሬተር 50 የፈረስ ጕልበት ያለው ትራክተር ይሻል። ፓምፕና ማቀዝቀዣ ሲነሡ ለጥቂት ጊዜ የሚስቡት ኀይል በሥራ ላይ ካሉበት ብዙ እጥፍ ስለ ሆነ፥ ዐዋቂ ገበሬ ሁሉን በአንድ ጊዜ አያስነሣም፤ ፓምፑን አስነሥቶ ጥቂት ይቆያል፥ ከዚያ የማለቢያውን ሞተር ይጨምራል። ዘንጉ ከልኩ አንድ ዐሥረኛ ቢያንስ፥ ማለት 486 ዙር ቢሆን፥ ኤሌክትሪኩ ከ60 ወደ 54 ይወርዳል፥ ቮልቱም ሊወርድ ይችላል፤ አምፖል በዚህ ቢደበዝዝ እንጂ አይሞትም፥ የፓምፕ ሞተር ግን እየጋለ ይቃጠላል። ስለዚህ የጄኔሬተሩን መስተዋት ሳያዩ ማብሪያ መክፈት የሰነፍ ሥራ ነው። ይህን የመሰለ መኪና ያገለገለ ገዝቶ ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ የሚያስብም ሰው ይህን ያስተውል፤ በኢትዮጵያ መብራቱ 220 ቮልትና 50 ምልልስ ነው፥ አራት ዋልታ ያለውም ጄኔሬተር በ1,500 ዙር መዞር አለበት። ትራክተሩን ወደ 450 ዙር ዝቅ ቢያደርጉት ምልልሱ 50 ይሆናል፤ ግን ለ60 የተሠራ ዕቃ በዝግታ ሲዞር ቮልቱ አብሮት ይወርዳልና በዚያ ብቻ ነገሩ አይፈታም።

የመስመሩ ተስፋ ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው የታየው ኅዳር 9 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው። በኦንታሪዮ በናያጋራ ወንዝ ላይ ባለው የአዳም ቤክ ጣቢያ አንዲት ትንሽ መቈጣጠሪያ መስመሩን በዘጋች ጊዜ፥ የቀረው ጭነት በሌሎቹ ላይ ወድቆ እነርሱም ተከታትለው ወደቁ፤ 30 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በጨለማ አመሸ። ጊዜው ከቀትር በኋላ ከአምስት ሰዓት ጥቂት ያለፈ፥ በኢትዮጵያ አነጋገር 11 ሰዓት ከሩብ፥ ማለት የማታ ማለቢያ ሰዓት ነበረ። ይሁን እንጂ ቢበዛ በ13 ሰዓት ውስጥ መብራቱ ተመለሰ፤ ምሰሶ አልወደቀም፥ ሽቦ አልተበጠሰም።

ትልቁ ፈተና የመጣው በጥር ወር 1998 ዓ.ም. ነው። ከወሩ 4 እስከ 10 ቀን፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከታኅሣሥ 26 እስከ ጥር 2 ቀን 1990 ዓ.ም.፥ በኬቤክ፥ በምሥራቅ ኦንታሪዮና በኒው ብራንስዊክ፥ በአሜሪካም በኩል በኒውዮርክ ሰሜንና በኒው ኢንግላንድ፥ ሲወርድ ውሃ ሲያርፍ በረዶ የሆነ ዝናብ ዘነበ። ከላይ ያለው አየር ሞቃት፥ መሬቱ ግን የቀዘቀዘ ስለ ነበረ ጠብታው የነካውን ሁሉ እንደ መስተዋት ለበጠው። ይህ በአንድ ቀን ቢያቆም ኖሮ ዛፉ አምሮ ታይቶ በነጋታው ይቀልጥ ነበረ፤ ነገር ግን ከሞንትሪያል በስተ ደቡብ ባለው አገር በዚያ ሳምንት የወረደው እስከ 100 ሚሊሜትር ደረሰ። ሽቦው ከበረዶው ክብደት የተነሣ እንደ ሰው ክንድ ወፈረ። ከዚያ በኋላ 1,000 ያህል የብረት ማማዎችና በዐሥር ሺሕ የሚቈጠሩ የእንጨት ምሰሶዎች ወደቁ፤ ማማው አንዱ ሲወድቅ ሽቦው የሚቀጥለውን እየጐተተ በመስክ ላይ በተርታ አጋደማቸው። ከ3 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው መብራት አጣ፤ በኬቤክ ብቻ የሕዝቡ ግማሽ ያህል ነው። የልደት በዓል በዋለበት ረቡዕ ዝናቡ ገና አላቆመም ነበረ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ዓርብ ደግሞ የሞንትሪያል ውሃ ማጣሪያዎች ኀይል አጥተው ያ ሁሉ ሕዝብ ያለ ውሃ ለመቅረት ተቃረበ። የካናዳ መንግሥት ከ15,000 የሚበልጡ ወታደሮች አሰማራ።

ከሞንትሪያል በስተ ምሥራቅ ደቡብ በሴንት ያሳንት፥ በግራንቢና በሴን ዣን መካከል ያለውን አገር ጥቍሩ ሦስት ማዕዘን አሉት፤ በዚያ ከአንድ ወር በላይ በጨለማ የቈየ ሰው አለ። ይህ አገር ደግሞ የላም አገር ነው። በከተማ ያለው ሰው ቤቱን ዘግቶ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ አዳራሽ ተሰደደ፤ የላም ጌታ ግን 50 ላም ይዞ ወዴት ይሰደዳል? ቈየ። ትራክተርና ጄኔሬተር ያለው አለበ፤ የሌለው ጎረቤቱን ጠበቀ። በየመንደሩ አንዱ ጋሪ ከበረት ወደ በረት ይዞር ጀመረ። በአንዱ ቤት ጥቂት ሰዓት ቈይቶ ላሞቹ ይታለባሉ፥ ውሃው ይሞላል፥ ቤቱም ጥቂት ይሞቃል፤ ካርዳኑ ይፈታና ጋሪው በበረዶው ላይ እየተጐተተ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ተራው እኩለ ሌሊት ላይ የደረሰው እኩለ ሌሊት ላይ አለበ። በቀን ሁለት ጊዜ መታለብ የለመደችው ላም አንድ ጊዜ ብቻ ትታለብ ነበረ፤ ብዙዎቹ በግት በሽታ ተያዙ፥ የሞቱም አሉ። ከሌላ ክፍለ ሀገር ጄኔሬተር እየተጫነ መጣ፤ የገበሬዎቹም ማኅበር ለማን ቀድሞ እንደሚሰጥ ይመድብ ነበረ። ነገር ግን የታለበው ወተት ሁሉ አልተጠጣም፤ መንገዱ በወደቀ ዛፍ ተዘግቶ፥ የወተቱም ፋብሪካ ኀይል አጥቶ ስለ ነበረ በሚሊዮን የሚቈጠር ሊትር መሬት ላይ ፈሰሰ። ሌሊት ሳይተኛ ያለበውን ወተት ጧት ራሱ የደፋው ሰው፥ ያለበው ለወተቱ ሳይሆን ለላሚቱ ሕይወት መሆኑን ያውቃል።

በዚያው ሰሞን በቡሸርቪል ከተማ የሆነው ነገር ለማመን ያስቸግራል፤ ግን የታወቀ ነው። የባቡር መኪና በናፍጣ ሞተሩ ጄኔሬተር አዙሮ፥ በኤሌክትሪኩ እግሩን የሚያንቀሳቅስ ስለ ሆነ፥ አንዱን የባቡር መኪና ከሐዲዱ አውርደው በከተማው መንገድ ላይ ነድተው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ አስጠጉትና ኀይሉን ወሰዱ። የአስፋልቱ መንገድ ከብረት እግሩ የተነሣ ተቈፈረ። ይህም ከገበሬው ትራክተር የተለየ ብልሃት አይደለም፤ ለሌላ ሥራ የተገዛውን ሞተር በችግር ቀን ለመብራት ማዞር ነው። ከተማው ሐዲድ ነበረው፥ ገበሬው ዘንግ ነበረው።

አሁን ስለ አደጋው መናገር ይገባል፤ አደጋውም ሦስት ዐይነት ነው። የመጀመሪያው ዘንጉ ራሱ ነው። 540 ዙር በደቂቃ ማለት በሴኮንድ 9 ዙር ነው፤ የካፖርት ጫፍ ወይም የሻሽ ዘርፍ የያዘ እንደ ሆነ ሰው ለመጮኽ እንኳ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ በካርዳኑ ላይ የማይዞር መሸፈኛ ይደረግበታል፤ መሸፈኛው ሲሰበር ሳይተኩት የሚሠሩ ግን አልጠፉም። ጋሪውም ከመሬት ጋር በደንብ ካልታሰረ፥ ድንገት ከባድ ጭነት ሲመጣበት የዘንጉ ኀይል ሊገለብጠው ይችላል። ሁለተኛው ጢሱ ነው። ብርድ ሲጠና ሞተሩን ወደ በረት ወይም ወደ ቤት ማስገባት ደግ ነገር ይመስላል፤ ከሞተር ጢስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታ የለውም፥ መልክም የለውም፥ የተኛውን ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በዚያ በ1998ቱ በረዶ ከሞቱት ከ30 የሚበልጡ ሰዎች መካከል በብርድ እንደ ሞቱት ሁሉ በዚህ ጢስ የሞቱ አሉ።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው፤ የሚሞተው ሌላ ሰው ስለ ሆነ። በመንገድ ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ከመስመሩ የመጣውን 7,200 ቮልት ወደ 240 ቮልት አውርዶ ለቤት ይሰጣል፤ 30 እጥፍ ያወርዳል ማለት ነው። ይህ ዕቃ ግን መንገዱ በሁለት ወገን ነው፤ ከቤቱ በኩል 240 ቮልት ቢገባበት ወደ መስመሩ 7,200 አድርጎ ያወጣዋል። ገበሬው ጄኔሬተሩን ከቤቱ መስመር ጋር ሲያገናኝ ዋናውን ማብሪያ ሳይዘጋ ከቀረ፥ ኤሌክትሪኩ በራሱ ቤት ብቻ አይቀመጥም፤ በትራንስፎርመሩ ላይ ወጥቶ የተበጠሰውን ሽቦ ለማቀጠል በበረዶ ውስጥ የቆመውን የመስመር ሠራተኛ ያገኘዋል። መስመሩ ሞቷል ተብሎ የተነገረው ሠራተኛ ከማያውቀው በረት በመጣ ኀይል ይሞታል። በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለው ገመድ እየሠሩ በግድግዳው ሶኬት በኩል ቤቱን ሁሉ የሚያበሩ ሰዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ችግር ብልሃትን ይወልዳል ይባላል፥ ይህ ግን ብልሃት ሳይሆን ወጥመድ ነው። ዋናውን ዘግቼዋለሁ የሚለውም ሰው መልሱ አይበቃም፤ ለሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው የዘጋውንና ያልዘጋውን አይለይም።

ስለዚህ በአሜሪካ ከ1897 ዓ.ም. ጀምሮ እየታረመ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ሥራ ደንብ፥ በቤት ጄኔሬተር የሚያበራ ሰው ሁለቱ ኀይሎች በፍጹም እንዳይገናኙ የሚከለክል መቀያየሪያ እንዲያስገባ ያዛል። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ይህን ዕቃ ቼንጅ ኦቨር ይሉታል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንድ እጀታ ሁለት ማረፊያ አለው፥ ወደ ላይ ሲሆን ቤቱ ከመስመሩ፥ ወደ ታች ሲሆን ከጄኔሬተሩ ይገናኛል፤ በአንድ ጊዜ ሁለቱን መያዝ ብረቱ ራሱ አይፈቅድለትም። የሰው ማስታወስ አያስፈልግም። ዘንጉ ቀን የሠራውን ሌሊት መልካም የሚያደርገው ይህ እጀታ ነው፤ ዋጋውም ከጋሪውና ከጄኔሬተሩ ጋር ሲመዛዘን ትንሽ ነው። ብዙዎች ግን ጄኔሬተሩን ይገዙና ይህን ለመጪው ዓመት ያቈዩታል።

ይህ ሁሉ ለማን ይገባል ለሚል፥ መልሱ ለሁሉ አይደለም። አንድ ማቀዝቀዣና ጥቂት አምፖል ብቻ ያለው ቤት 100 የፈረስ ጕልበት ያለውን ትራክተር ቢያስነሣ፥ ጭነቱ ትንሽ ቢሆንም ሞተሩ የዘንጉን 540 ዙር ለመጠበቅ በሙሉ ፍጥነት መዞር ስላለበት ናፍጣውን በከንቱ ያነድዳል፤ ለእንዲህ ያለው ቤት የራሷ ሞተር ያላት ትንሽ ጄኔሬተር ትሻላለች። ትራክተሩ ክረምት በረዶ ሲጠርግ የሚውል ከሆነም በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ አይሠራም፤ መንገድ የሚከፍተው መኪና በረት ላይ ታስሮ ዋለ ማለት ነው። ላም ላለው፥ ጕድጓዱ ጥልቅ ለሆነ፥ ቤቱ ከመንገድ ለራቀ ሰው ግን ይህን የሚተካ ነገር አልተገኘም። ከ1998ቱ በረዶ በኋላ በኬቤክና በኦንታሪዮ ብዙ የላም ጌቶች የራሳቸውን ጋሪ ገዙ። ነሐሴ 14 ቀን 2003 ዓ.ም. ደግሞ ከኦንታሪዮ እስከ ኒውዮርክ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው መብራት ባጣ ጊዜ፥ ጄኔሬተር የነበራቸው በረቶች በሰዓታቸው አለቡ።

የመስመር ሠራተኞቹ ግን በየበረቱ መቀያየሪያው መግባቱንና አለመግባቱን ከምሰሶው ላይ ሆነው ማየት አይችሉም። ስለዚህ መስመሩ ሞቷል የሚል ቃል ቢደርሳቸውም፥ ሽቦውን ሳይነኩ በፊት በመፈተኛ ይፈትኑታል፤ ከዚያም ከሚሠሩበት ቦታ በግራም በቀኝም ከመሬት ጋር በወፍራም ገመድ ያስሩታል።